ከፔሮቲን፣ ከሌዮኒን ወይስ ከማሾ? የካቴድራል ባለብዙ ድምፅ ዝማሬን ከየት እንጀምር

የመካከለኛውን ዘመን የካቴድራል ዝማሬ የሚያውቅ ሰው አግኝታችሁ «ከየት ልጀምር?» ብትሉት መልሱ አንድ ነው። «ፔሮቲንን ስሙ» ይላችኋል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ችግሩ የጠያቂው ጆሮ ምን እንደለመደ ሳይታወቅ መሰጠቱ ነው። ማኅሌት እየሰማ ያደገ ጆሮ አለ። ኳየር ውስጥ አልቶ ወይም ባስ ይዞ የዘመረ ጆሮ አለ። ምት ካልሰማ የማይረካም አለ። ለሦስቱም አንድ መድኃኒት ማዘዝ አይሆንም።

እዚህ የማወዳድራቸው ሦስት ናቸው። ሁለቱ፣ ሌዮኒንና ፔሮቲን፣ የፓሪሱ የኖትረዳም ካቴድራል ሰዎች ናቸው። ሦስተኛው ከእነሱ 150 ዓመት አለፍ ብሎ የመጣው የሬምስ ካቴድራሉ ጊዮም ደ ማሾ ነው። ሌሎቹን በጨረፍታ አነሳቸዋለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ በነገሩ እንግባባ

ፖሊፎኒ የሚባለው የተለያዩ ዜማዎች በአንድ ጊዜ አብረው ሲዘመሩ ነው። የዘማሪው ብዛት አይደለም ቁም ነገሩ። መቶ ሰው አንድ ዜማ ቢል ዜማው ያው አንድ ነው። በእኛ ማኅሌትም ሊቃውንቱ የሚሄዱት በአንድ ዜማ ነው። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያንም ለብዙ መቶ ዓመታት እንደዚሁ ነበር። ጎርጎርዮሳዊ የሚባለው የላቲን ዜማ አንድ ወጥ ነው። በዚያ ላይ ሁለተኛ ድምፅ እንዴት እንደሚታከል የሚያስተምሩ ጽሑፎች የሚገኙት ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። በካቴድራሉ ውስጥ ሙሉው ጸሎት ባለብዙ ድምፅ አልነበረም። ትልቅ በዓል ሲሆን፣ ያውም የተመረጡ ዝማሬዎች፣ ያውም ከእነሱ ውስጥ የመሪዎቹ ድርሻ ብቻ ነበር እንዲህ የሚዘመረው። ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት የተካኑ ሰዎች ድርሻቸውን ይላሉ። ከዚያ በቀኝና በግራ ትይዩ የቆመው ጉባኤ በአንድ ዜማ ይቀበላል። ሁሉም ወንዶች ናቸው።

ይህ ቀረጻ ስትመርጡ ይጠቅማችኋል። አንዳንዱ አልበም የጉባኤውን ክፍል ቆርጦ ባለብዙ ድምፁን ብቻ ይሰጣል። አጭርና ምቹ ነው። እኔ ግን ሙሉውን እመርጣለሁ። መሪዎቹ ጨርሰው ጉባኤው በአንድ ዜማ ሲገባ ነው እስከዚያ የሰማችሁት ነገር ምን እንደነበር የሚገባችሁ።

ሌዮኒን፦ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይሄዳል

የኖትረዳም ግንባታ የተጀመረው በ1163 ነው። ያስጀመረው ጳጳሱ ሞሪስ ደ ሱሊ ነው። በ1182 ዋናው መሠዊያ ሲባረክ የምዕራቡ ክፍል ገና እየተሠራ ነበር። ስለዚህ ይህ ዝማሬ የተወለደው የድንጋይ ጠራቢ ድምፅ በሚሰማበት ሕንፃ ውስጥ ነው። በነገራችን ላይ ንጉሥ ላሊበላም በዙፋን ላይ የነበረው በዚያው ዘመን ነው። ሁለቱ ግንባታዎች አይገናኙም። ግን ዘመኑን ለማሰብ ይረዳል።

ስለ ሌዮኒን የምናውቀው ጥቂት ነው። የሚነግረን ከእሱ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የጻፈ፣ ስሙ ያልታወቀ ሰው ነው። እንግሊዛዊ ተማሪ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። በእሱ አባባል ሌዮኒን በኦርጋኑም ወደር አልነበረውም፤ ለዓመቱ በዓላት የሚሆን ታላቅ የኦርጋኑም መጽሐፍም አዘጋጅቷል። ኦርጋኑም የሚባለው በነባሩ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ላይ ድምፅ ታክሎበት የሚዘመረው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነባሩን ዜማ ታችኛው ዘማሪ ይይዘዋል። እንደተለመደው ግን አይሄድበትም። አንዷን ኖታ ይይዝና ይቆማል። ይቆማል ስል በጣም ይቆማል። ላይኛው ዘማሪ በዚያች ኖታ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ሐረጉን ሲጨርስ ታችኛው ወደሚቀጥለው ኖታ ያልፋል። ነባሩ ዜማ ራሱ በአንድ ፊደል ላይ ብዙ ኖታ የሚደረድርበት ቦታ ሲደርስ ነገሩ ይቀየራል። እዚያ ታችኛውም በምት መራመድ ይጀምራል። ያለዚያ ዝማሬው ሳያልቅ ይመሻል። ይህኛው ክፍል ዲስካንት ይባላል።

በዜማ ላደገ ጆሮ የምመክረው ይሄን ነው። አንድ ፊደል ተጎትቶ፣ ተሰብሮ፣ ተመልሶ ሲዜም መስማት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የላይኛውን ዘማሪ ተከተሉ፤ ይበቃል። የታችኛው ኖታ ሲቀየር ደግሞ ሳታስቡት ሰውነታችሁ ያውቀዋል። ያን ጊዜ ፖሊፎኒ ምን እንደሚሠራ ገብቷችኋል ማለት ነው። አራት ድምፅ በአንድ ጊዜ ከመጋፈጥ በሁለት መጀመር ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ታችኛው ቆሞ ላይኛው በሚሄድበት ክፍል ምቱ ምን ያህል የተወሰነ እንደነበር አጥኚዎች ዛሬም አልተስማሙም። ስለዚህ ዘማሪው ነፃነት አለው። ያንኑ ዝማሬ ሁለት ቡድኖች ሲሉት ሁለት የተለያየ ነገር ይሆናል። አንዱ ካልጣማችሁ ሌላውን ሞክሩ እንጂ ሌዮኒንን አትተዉት።

ድክመቱን ልንገራችሁ። ቃሉ ይጠፋል። አንዱ ቃል አልቆ ሌላው እስኪመጣ ምን እየተባለ እንደሆነ ይረሳል። ጽሑፉን ቀድማችሁ ካላነበባችሁ ላቲን ብትችሉም አይጠቅማችሁም። በታክሲ ውስጥም አይሆንም። በስልክ ስፒከር ከሰማችሁት ደግሞ የታችኛው ድምፅ ይሳሳል፤ የሚቀረው አንድ ሰው ብቻውን ሲያንጎራጉር ነው። «ይሄ ነው እንዴ?» ብለው የሚተዉት ብዙዎች እንዲህ የሰሙት ናቸው።

ፔሮቲን፦ አራት ሆነው ሲነሱ

ያው ስሙ ያልታወቀ ጸሐፊ ፔሮቲን የሌዮኒንን መጽሐፍ እንዳሳጠረ ይናገራል። በዲስካንት ሥራም ከሌዮኒን የበለጠ ነበር ይላል። ድምፆቹን ወደ ሦስትና ወደ አራት አሳደጋቸው። ከባለ አራቶቹ ለእኛ የደረሱን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሁለቱ ግን ስማቸው ገናና ነው፦ «ቪዴሩንት ኦምኔስ» እና «ሴዴሩንት ፕሪንኪፔስ»።

ታሪካቸው ከበዓል ሁካታ ጋር ይያያዛል። በፓሪስ ጥር 1 ቀን የግዝረት በዓል ሲከበር በታችኛው ማዕረግ ያሉ አገልጋዮች የሚያደርጉት «የሞኞች በዓል» የሚባል ነገር ነበር። ቀልዱ፣ ጩኸቱና ጭፈራው ካቴድራሉ ድረስ ይገባል። በ1198 የሞሪስ ተተኪ ጳጳስ ኦዶ ደ ሱሊ ይህን የሚያስቆም ሥርዓት አወጣ። መከልከል ብቻ አይደለም። በዓሉ በክብር እንዲከበር በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ባለ ሦስትና ባለ አራት ድምፅ ዝማሬ ፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት ለቅዱስ እስጢፋኖስ በዓልም ተመሳሳይ ሥርዓት ሠራ። «ቪዴሩንት» የገናና የግዝረት ዝማሬ ነው። «ሴዴሩንት» የእስጢፋኖስ ነው። አጥኚዎች ሁለቱን ዝማሬዎች ከእነዚህ ትእዛዞች ጋር የሚያያይዟቸው ለዚህ ነው። ሁካታን በከባድ ዝማሬ ማስቆም! እንደ አስተዳደር ውሳኔ በጣም እወደዋለሁ።

«ቪዴሩንት» ቃሉ ከመዝሙረ ዳዊት ነው። የምድር ዳርቻ ሁሉ የአምላካችንን ማዳን አየ ይላል። በግዕዙ አቆጣጠር 97ኛው መዝሙር ላይ ታገኙታላችሁ። የፔሮቲን ሥራ በአብዛኛው ቀረጻ ከ11 እስከ 12 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ «ቪ» ለተባለችው የመጀመሪያ ክፍለ ቃል ብቻ አንድ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ታችኛው ያችን ኖታ ይዞ ይቆማል። ሦስቱ ከላይ በምት ይሽከረከራሉ። ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር ነው አካሄዱ። አንዱ ያለውን ሐረግ ሌላው ይቀበለዋል፤ የሱን ደግሞ ያኛው ይወስደዋል። ሦስቱም በአንድ የድምፅ ከፍታ አካባቢ ስለሚተራመሱ ማን ምን እንዳለ አይለይም። ከዚያ ታችኛው ኖታ በድንገት ይቀየራል። ቤቱ በሙሉ የተንቀሳቀሰ ይመስላል።

ስለዚህ ፔሮቲን ለማን ነው? ምት ለሚወድ። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለሚሰማ፣ ተደጋጋሚ ነገር ቀስ እያለ ሲለወጥ ደስ ለሚለው። አሜሪካዊው አቀናባሪ ስቲቭ ራይክ ከፔሮቲን እንደተማረ በግልጽ የተናገረ ሰው ነው፤ የሱን ሥራ ከወደዳችሁ ሳታመነቱ እዚህ ግቡ። የምታንጎራጉሩት ዜማ ፈልጋችሁ ከመጣችሁ ግን ትከፋላችሁ። ሲያልቅ የሚቀራችሁ እንቅስቃሴው ነው። በማኅሌት ያደገ ጆሮም መጀመሪያ ላይ «ይሄ ነገር ማሽን ይመስላል» ሊል ይችላል። እኔ ይህን ስሜት ስህተት አልለውም። የዘገየ አጀማመር፣ ቀስ በቀስ መሞቅ ለለመደ ሰው ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ በሙሉ ኃይል የሚነሳ ዝማሬ ያስደነግጣል።

ሁለቱን ለማመዛዘን አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። «ቪዴሩንት ኦምኔስ» በሁለቱም አለ። መጀመሪያ አንድ ወጥ የሆነውን የላቲን ዜማ ስሙ፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። ቀጥሎ ባለ ሁለት ድምፁን ስሙ። በመጨረሻ ባለ አራቱን። በአንድ መቀመጫ ይቻላል። አንድ ዜማ በሁለት ትውልድ ውስጥ ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዋናው የኦርጋኑም መጽሐፍ ጠፍቷል። ያሉት የ13ኛው ክፍለ ዘመን ግልባጮች ናቸው። ከሁሉም የተሟላውና ያማረው ፓሪስ ውስጥ ተጽፎ ዛሬ ፍሎረንስ ነው ያለው። ሁለቱ ጀርመን ውስጥ ቮልፈንቡተል ይገኛሉ፤ አንደኛው ቀድሞ የስኮትላንዱ የሴንት አንድሩስ ካቴድራል ነበር። በእነዚህ መጻሕፍት ላይ የደራሲ ስም አይጻፍም። «ቪዴሩንት» እና «ሴዴሩንት» የፔሮቲን መሆናቸውን የምናውቀው ያ ስሙ ያልታወቀ ሰው ስለጠቀሳቸው ነው። በአልበም ጀርባ ላይ «ሌዮኒን» የሚለውን ስታዩ ባለ ሁለት ድምፁን የቀድሞውን ሥራ በጥቅሉ ለእሱ እየሰጡት እንደሆነ ዕወቁ።

ማሾ፦ የኳየር ልጆች በር

ሬምስን አብዛኞቻችን የምናውቃት በእግር ኳስ ቡድኗ ነው። ካቴድራሏ ግን የፈረንሳይ ነገሥታት የሚቀቡበት ነበር። ጊዮም ደ ማሾ እዚያ ካህን ነበር። ገጣሚም አቀናባሪም ነው፤ በ1300 አካባቢ ተወልዶ በ1377 ሞተ። በ1360ዎቹ እንደሠራው የሚታመነው «መስ ደ ኖትር ዳም» ባለ አራት ድምፅ ቅዳሴ ነው። ስሙ አያሳስታችሁ። የእመቤታችን ቅዳሴ ማለት እንጂ ከፓሪሱ ካቴድራል ጋር አይገናኝም።

ለንግሥ በዓል ተሠራ የሚል ወሬ ታነባላችሁ። ማስረጃ የለውም። ይበልጥ የሚታመነው በሬምስ ካቴድራል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ የእመቤታችን መሠዊያ ላይ ከሚደረግ ቅዳሴ ጋር መያያዙ ነው። ማሾና ወንድሙ ለዚያ ቅዳሴ ገንዘብ ትተው ነው የሞቱት።

ከፓሪሶቹ የሚለይበት ትልቁ ነገር ምኑን ነው ያዜመው የሚለው ነው። ሌዮኒንና ፔሮቲን የሠሩት በየበዓሉ የሚቀያየረውን ክፍል ነው። ማሾ የማይቀያየረውን ወሰደ። ኪርዬ ኤሌይሶን፣ ግሎሪያ፣ ክሬዶ፣ ሳንክቱስ፣ አኙስ ዴይ፣ በመጨረሻም አሰናባቹን። ኪርዬው የእኛው ኪርያላይሶን ነው። ሳንክቱሱ ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ ነው። ክሬዶው ጸሎተ ሃይማኖት ነው። ቃሉን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ ማለት ነው። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። እነዚህን በሙሉ ባለብዙ ድምፅ አድርጎ እንደ አንድ ሥራ ያቀናበረ፣ በስሙም የምናውቀው የመጀመሪያው ሰው ማሾ ነው።

ኳየር ውስጥ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ባስ ተብላችሁ ከዘመራችሁ በግሎሪያው ጀምሩ። አራቱም ድምፆች ቃሉን አብረው ይላሉ። ከላይ የሚሽከረከር፣ ከታች የሚቆም የለም። ኮርድ በኮርድ፣ ማለት አራቱም ኖታዎች በአንድ ላይ እየወጡ ነው የሚሄደው። ቃሉ ይሰማል። «ዬሱ ክሪስቴ» (ኢየሱስ ክርስቶስ) ላይ ሲደርስ ደግሞ ሩጫው ይቆማል። ረጃጅም ኮርዶች ይመጣሉ። ክሬዶው ውስጥም ከማርያም ድንግል የሚለው ላይ እንዲሁ ያደርጋል። እያንዳንዱ ሰው ምን እንደሆነ ሳይነገረው ጎንበስ ማለት ያምረዋል። ከዚያ በሁለቱም መጨረሻ ላይ ያለው «አሜን» ይመጣል። እሱ የተወሳሰበ ነው፤ ተዘጋጁ።

ኪርዬውና ሳንክቱሱ ከበድ ይላሉ። ነባሩ ዜማ ቴነሩ ውስጥ ተቀብሮ በሚደጋገም የምት ንድፍ ይሄዳል። ይህ በጆሮ አይያዝም፤ በወረቀት ላይ ነው የሚታየው። ስለዚህ «ሳይገባኝ ቀረ» ብላችሁ አትጨነቁ። በየቦታው ደግሞ አንዱ ድምፅ ዝም ሲል ሌላው የሚገባበት፣ ዜማውን እየቆራረጡ የሚቀባበሉበት ቦታ አለ። ኦኬት ይባላል። በ1320ዎቹ ከአቪኞ ሆነው ቤተ ክርስቲያንን ይመሩ የነበሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 22ኛ ዘማሪዎች ዜማውን ይቆራርጡታል ብለው በጽሑፍ አማረዋል። ማሾ ምሬቱን ብዙም የሰማ አይመስልም።

የኳየር ሰው አንድ ነገር ይጎረብጠዋል። ዛሬ የምንዘምረው ባለ አራት ድምፅ ጣፋጭነቱ ከሠርድ ነው የሚመጣው፤ ዶ ላይ ሚ ሲጨመር ማለት ነው። በማሾ ዘመን ሠርድ በመሃል የሚታለፍ እንጂ የሚታረፍበት አይደለም። ማረፊያው አምስተኛና ስምንተኛ ኖታ ነው። ድምፁ ክፍት፣ ጠንካራ፣ ትንሽ ቀዝቃዛ ይሆናል። ማረፊያው ከመድረሱ በፊት ደግሞ ሁለት ድምፆች በአንድ ጊዜ በግማሽ ኖታ ወደ ላይ ይገፋሉ። መጀመሪያ ስትሰሙት የሳቱ ይመስላችኋል። አልሳቱም። ሁለት ሦስቴ ስሙት፤ ጆሮ ይለምደዋል። ከለመደው በኋላ የዛሬው ሃርሞኒ ስኳር የበዛበት ሊመስለው ይችላል።

ሙሉው ቅዳሴ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ክፍል ክፍል አድርጎ መስማት ይቻላል። ለሥራ ሰው ከሦስቱ የሚመቸው ይሄ ነው።

በጨረፍታ የሚታዩት

የዊንቸስተሩ መጽሐፍ የሁሉም ታላቅ ነው። በ1000 አካባቢ በእንግሊዝ የተጻፈ፣ ከ150 በላይ ባለ ሁለት ድምፅ ዝማሬ የያዘ ነው። ምልክቶቹ ግን መስመር ላይ ያልተቀመጡ ስለሆኑ ድምፁ ስንት እንደወጣ፣ ስንት እንደወረደ በትክክል አይናገሩም። ስለዚህ የምትሰሙት የዛሬ ሊቃውንት ግምት ነው። ለጀማሪ አልመክርም።

የሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላው የ12ኛ ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ሌላ ነው። ሃያ ገደማ ባለብዙ ድምፅ ዝማሬዎች አሉት። አጫጭር፣ ብርሃን ያላቸው፣ ተሳላሚን የሚቀበሉ ናቸው። ለልጆች ማስተዋወቅ ከፈለጋችሁ እዚህ ጀምሩ። ይህ መጽሐፍ በ2011 ከካቴድራሉ ተሰርቆ ነበር። ከዓመት በኋላ በ2012 የተገኘው ቀድሞ የካቴድራሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በነበረ ሰው ጋራዥ ውስጥ ነው።

ሞቴት ደግሞ እያንዳንዱ ድምፅ የተለያየ ቃል የሚልበት ነው። አንዳንዴ አንዱ በላቲን፣ አንዱ በፈረንሳይኛ ይላል። አንዱ እመቤታችንን ሲያመሰግን ሌላው ስለ ፍቅረኛው ሊያወራ ይችላል። ለወሬ ጥሩ ነው። ካቴድራል ፍለጋ ለመጣ ግን አይሆንም። ሴቶች ሲዘምሩ መስማት ለምትፈልጉ በስፔን ቡርጎስ የላስ ዌልጋስ የሴቶች ገዳም መጽሐፍ አለ። መነኮሳይቱ ባለብዙ ድምፅ ዝማሬ እንደነበራቸው ማስረጃው እሱ ነው።

ማን ይዘምርላችሁ?

እዚህ ላይ ምርጫው ከአቀናባሪው ምርጫ እኩል ይመዝናል። ሁለት ጫፎችን ልጥቀስ። አንዱ የእንግሊዙ ሂሊያርድ አንሳምብል ነው። ጥቂት ወንዶች፣ የጠራ ድምፅ፣ የማይንቀጠቀጥ፣ እንደ መስታወት የጸዳ። የ1980ዎቹ መጨረሻ የፔሮቲን ቀረጻቸው ብዙ ሰውን ወደዚህ ሙዚቃ ያስገባ ነው። ድምፆቹን ለይቶ ለመከተል የሚተካከለው ጥቂት ነው።

ሌላው የፈረንሳዩ አንሳምብል ኦርጋኑም ነው። መሪው ማርሴል ፔሬስ ነው። የማሾን ቅዳሴ ሲቀርጽ ከኮርሲካ ደሴት ባህላዊ ዘማሪዎች ጋር የተጠና አዘማመርን ተጠቅሟል። ድምፁ ከደረት ነው የሚወጣው። ወፍራም ነው፣ ይሰብራል፣ በየኖታው መሃል ይንቀጠቀጣል። «በመካከለኛው ዘመን እንዲህ ይዘመር እንደነበር ማን ነገረህ?» ብለው የሚተቹት ሙዚቃ አጥኚዎች አሉ። ትችታቸው መሠረት የለውም አልልም። ግን የድብተራ ድምፅ የለመደ ጆሮ ከሂሊያርድ ይልቅ እዚህ ቶሎ ቤተኛ ይሆናል። እኔ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ሂሊያርድን ሁለተኛ ነው የማስደምጠው።

ዩቲዩብ ላይ ስትፈልጉ ተጠንቀቁ። «የመካከለኛው ዘመን መነኮሳት ዝማሬ» ተብሎ ለሦስት ሰዓት የሚሄድ ብዙ ነገር አለ። አብዛኛው አንድ ወጥ ዜማ ነው፣ ወይም ከሥሩ ኪቦርድ የገባበት የእንቅልፍ ሙዚቃ ነው። የአቀናባሪውን ስም ከዝማሬው የላቲን ስም ጋር አድርጋችሁ ፈልጉ።

ቦታው ላይ ወይስ በጆሮ ማዳመጫ?

ኖትረዳም 128 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 33 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በእንዲህ ያለ የድንጋይ ቤት አንድ ድምፅ ከወጣ በኋላ ለብዙ ሰከንድ ይቆያል። የቀደመው ኖታ ሳይሞት አዲሱ ይደርስበታል። ለሌዮኒን ይህ ፀጋ ነው። የታችኛው ኖታ ስለማይቀየር የላይኛው ከራሱ ማስተጋባት ጋር ጭምር ይዘምራል። የፔሮቲን ፈጣን ምት ግን ከዘማሪዎቹ ራቅ ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ይደበላለቃል። ድሮም ቢሆን ዝማሬው የሚሰማው ከግርዶሹ ወዲያ፣ ካህናቱ በሚቆሙበት በምሥራቁ ክፍል ነበር። ሕዝቡ የሚደርሰው ድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮንሰርት ከሆነ ፊት ወንበር ያዙ። ካልተገኘ ፔሮቲንን በጆሮ ማዳመጫ፣ ሌዮኒንን በካቴድራል ብትሰሙ አትከስሩም።

አውሮፓ ላላችሁ፣ ኖትረዳም ከ2019ኙ ቃጠሎ በኋላ በታኅሣሥ 2024 ተከፍቷል። መግቢያው ነፃ ነው። ኮንሰርቶቹ ግን ትኬት አላቸው። ለንደን ወይም ሌላ የእንግሊዝ ከተማ ከሆናችሁ ካቴድራሎቹ አመሻሽ ላይ በዝማሬ የሚደረግ ጸሎት አላቸው፤ ገንዘብ አይጠየቅም። ባለብዙ ድምፅ ዝማሬ ትሰማላችሁ። ግን አብዛኛው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተሠራ ነው። ሠርዱ የበዛ፣ ለስላሳ ነው። ያን ሰምታችሁ «ማሾን ሰማሁ» እንዳትሉ። በኔዘርላንድ ዩትሬክት በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ የሚጀምር የጥንት ሙዚቃ ፌስቲቫል አለ። የመካከለኛው ዘመን ሥራ በብዛት የሚገኘው እንደዚያ ባለ ቦታ ነው።

እስራኤል ላላችሁ ከኢየሩሳሌም ብዙም በማይርቀው አቡ ጎሽ በመስቀል ጦረኞች ዘመን የተሠራ የ12ኛ ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አለ። በሱኮትና በሻቩኦት በዓላት ሰሞን የድምፅ ሙዚቃ ፌስቲቫል ይካሄድበታል። ካቴድራል አይደለም፤ ግን ድንጋዩ የሌዮኒን ክፍለ ዘመን ድንጋይ ነው። የሚዘመረው ግን ከየዘመኑ የተውጣጣ ስለሆነ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ፕሮግራሙ ላይ የእነዚህ ሦስት ሰዎች ስም መኖሩን እዩ። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ብሔራዊ ካቴድራሉን ታውቁታላችሁ። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ቢሆንም በጎቲክ ቅርፅ በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ማስተጋባቱም እውነተኛ ነው። ለሌዮኒን ይበቃል።